ሰልፉ ያምራል፤ ልጁስ ይሻሻላል?

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ያለው አንድ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ብቅ ብትሉ የምታዩት ልምምድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሃያ ያህል ልጆች ሁለት ሰልፍ ይሠራሉ። ከአንደኛው ሰልፍ የወጣው ኳስ እያነጠረ ሄዶ ሌይአፕ ይሞክራል፤ ከሌላኛው የወጣው ኳሷን ለቅሞ ለባለተራው ያቀብላል፤ ከዚያ ሁለቱም ቦታ ተቀያይረው ከሰልፉ ጭራ ይቆማሉ። አሰልጣኙ ከጎን ሆኖ ያጨበጭባል። ሥርዓት አለው፣ ዓይን ይሞላል፣ ወላጅም ቢያየው ደስ ይለዋል። እስቲ ግን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንዱ ተራ 6 ሰከንድ ቢፈጅ ሃያዎቹም እስኪዳረሱ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። በ15 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ወደ ቀለበቱ የሚወረውረው ሰባት ጊዜ ያህል ነው፤ ያውም የሚከላከለው ሰው ሳይኖር። የቀረውን ጊዜ ቆሞ የጓደኛውን ጀርባ ሲያይ ያሳልፈዋል።

ለመሆኑ ከልምምድ ተነሥቶ ግጥሚያ ድረስ የሚዘልቀው የትኛው ድካም ነው? ጥያቄው ከስፖርቱ እኩል ዕድሜ አለው። ጄምስ ናይስሚዝ በዲሴምበር 1891 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የኮክ ቅርጫት ሲሰቅል ዓላማው በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት አጥተው ያስቸገሩትን ተማሪዎች ማንቀሳቀስ ነበር። ጨዋታው ዝም ብለው የሚጫወቱት ነው፣ አሰልጣኝ አያስፈልገውም ብሎ ያምን እንደነበር ይነገራል። በኋላ ራሱ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። የፈጠረው ሰው! ተማሪው ፎግ አለን ግን ምክሩን አልሰማም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን አሸነፈ፤ እሱ ካሠለጠናቸው ልጆች አንዱ ዲን ስሚዝ ደግሞ በኖርዝ ካሮላይና ትልቅ ስም አተረፈ። በስሚዝ ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ልምምድ የሚጽፍ ሁሉ ጆን ውደንን ሳይጠቅስ አያልፍም፤ እኔም አላልፍም። ውደን የሎስ አንጀለሱን ዩሲኤልኤ እየመራ ከ1964 እስከ 1975 በነበሩት 12 ዓመታት 10 ጊዜ የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ወሰደ፤ በመካከሉም 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። የየዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርቱ ስለ ካልሲ ነበር። በመላው አሜሪካ የተመረጡ ጎረምሶችን አስቀምጦ ካልሲው በትንሿ ጣትና በተረከዝ በኩል እጥፋት እንዳይኖረው በእጅ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ ጫማው አፉ በደንብ ተከፍቶ እንዴት እንደሚጠለቅ፣ ማሰሪያው ከታች ጀምሮ ቀዳዳ በቀዳዳ እንዴት እንደሚጠብቅ ያሳያቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እጥፋት እግር ያቆስላል፤ እግሩ የቆሰለ ልጅ ልምምድ ያመልጠዋል፤ ልምምድ ያመለጠው ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል።

በ1974–75 የውድድር ዘመን ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከተመልካች ወንበር ተቀምጠው ውደን በልምምድ ላይ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ሁሉ መዘገቡ። 2,326 የማስተማር ድርጊቶችን ቆጠሩ። ሙገሳው ከመቶ 7 ገደማ፣ ተግሣጹም እንዲሁ ጥቂት ነበር። ከመቶ 75 ያህሉ ንጹሕ መረጃ ነው፤ ምን ይደረግ፣ እንዴት ይደረግ፣ መቼ ይደረግ። ማስተካከያው ደግሞ የራሱ ቅርጽ ነበረው። ትክክለኛውን ያሳያል፣ ልጁ የሠራውን ስሕተት አስመስሎ ያሳያል፣ ወዲያው ትክክለኛውን ደግሞ ያሳያል። ይህ ሁሉ ከ3 ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። ጨዋታው ቆሞ የሚደመጥ ንግግር የለም።

የውደንን ስም እየጠሩ ልጆችን ለሰዓታት አንድ ነገር የሚያስደጋግሙ አሰልጣኞች እዚህ ላይ የዘለሉት ነገር አለ። እሱም መደጋገም ያዘወትር ነበር፤ እንዲያውም በመማር ሕጎቹ ውስጥ ከማስረዳት፣ ከማሳየትና ከማስኮረጅ ቀጥሎ ያለው ቦታ ሁሉ የመደጋገም ነው። ሆኖም የሚደጋገመው ከጨዋታው ተቆርሶ የወጣ ቁራጭ ነበር፤ በሙሉ ፍጥነት፣ ለጥቂት ደቂቃ ተሠርቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ጠዋት ከረዳቶቹ ጋር ተቀምጦ የከሰዓቱን ልምምድ ደቂቃ በደቂቃ በትንንሽ ካርድ ይጽፍ ነበር፤ አንዱ ልምምድ ጊዜው ካለቀ ደስ ቢልም ይቆማል።

ወደ ጥናቶቹ እንለፍ፤ እዚህ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1978 ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የስምንት ዓመት ልጆችን ለሁለት ከፍለው በትንሽ ከረጢት ዒላማ አስመቱ። አንደኛው ቡድን ሁልጊዜ ከ90 ሴንቲሜትር ገደማ ይወረውራል። ሌላኛው አንዴ ከ60፣ አንዴ ከ120 ገደማ ይወረውራል፤ ከ90 ግን ወርውሮ አያውቅም። ከ12 ሳምንት በኋላ ሁሉም ከ90 ሴንቲሜትር ሲፈተኑ የተሻለ የመታው ያ ርቀት አዲስ የሆነበት ቡድን ነው። በዓመቱ ሺአና ሞርጋን ሌላ ሙከራ አወጡ። ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ነበር፤ ገሚሱ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም፣ ገሚሱ ሦስቱን እያቀላቀለ ይለማመዳል። በልምምዱ ሰዓት የሚያቀላቅሉት ዝግተኞች ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን የበለጡት እነሱ ናቸው።

አሰልጣኝ ሊያስጨንቀው የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በሜዳው ዳር ቆሞ የሚያየው ነገር ያሳስተዋል ማለት ነው። ልጆቹ ከአንድ ቦታ ሃምሳ ጊዜ ሲወረውሩ ከሠላሳኛው በኋላ ኳሷ መግባት ትጀምራለች፤ ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ልምምዱ ተሳካ ይባላል። ቦታውን በየውርወራው ብታቀያይሩት ብዙ ይስታሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ አሰልጣኙም አቅም ያጣ ይመስላል። ከሳምንት በኋላ የሚተርፈው ግን የኋለኛው ሊሆን ይችላል። እርግጥ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በስፖርት ሜዳ ሲፈተን ልዩነቱ እየጠበበ መምጣቱ አይካድም፤ ገና ኳስ መያዝ የሚማር ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ አንዱን ነገር ትንሽ መደጋገም ያስፈልገዋል።

የተቃራኒው ማስረጃም አለ፤ ለዚያውም ከራሱ ከቅርጫት ኳስ የመጣ። በ2005 ኪችና ባልደረቦቿ ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች ከቀለበቱ በተለያየ ርቀት እያቆሙ አስወረወሩ። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር መሳቱም እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ከቅጣት መስመሩ ግን ከግምቱ በላይ አገቡ። ለዓመታት በሺዎች ጊዜ የቆሙበት ቦታ ስለሆነ ያች አንዲት ነጥብ የራሷ ችሎታ ሠርታለች። ዘለው ሲወረውሩ ግን ያ ጥቅም አልታየም። ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፤ የቅጣት ውርወራ ብቻውን፣ ከአንድ ቦታ፣ እልፍ ጊዜ ይደጋገም፤ ሌላው ውርወራ በሙሉ ከቦታ ቦታ፣ ከሩጫ በኋላ፣ እጅ ፊት ላይ ተዘርግቶ ይሠራ።

የቅጣት ውርወራን ካነሣን ትንሽ እንቆይ፤ ማንም ሳይከላከላችሁ የምትሠሩት ብቸኛው የጨዋታው ክፍል ነውና። ቀለበቱ 45 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፣ የወንዶች ኳስ ደግሞ 24 ገደማ። ኳሷ ከላይ ቀጥ ብላ ብትወርድ ቦታው ሰፊ ነው። ወደ ቀለበቱ የምትገባበት ማዕዘን 30 ዲግሪ ከሆነ ግን የቀዳዳው ስፋት ለእሷ 22 ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል፤ ብረቱን ሳትነካ የምትገባበት መንገድ የለም። ዝቅ አድርጎ የሚወረውር ልጅ ስንት ሺህ ጊዜ ቢደጋግም ይህን ሒሳብ አያመልጥም። በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ያሰሉት ተመራማሪዎች ከእጅ የምትወጣበትን ማዕዘን 52 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ ኋላ መሽከርከሯን ደግሞ በሰከንድ 3 ዙር ገደማ ቢሆን ይሻላል ብለዋል። ለልጅ ዲግሪ አይነገረውም፤ “ከፍ አድርጋት” ይበቃል። ጆአን ቪከርስ በ1996 ባሳተመችው ጥናት ደግሞ የላቁት ተጫዋቾች ከመወርወራቸው በፊት ዓይናቸውን ቀለበቱ ላይ ቀደም ብለው፣ ረዘም አድርገው እንደሚተክሉ አሳየች። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

ልማድ ከዕውቀት እንደሚበረታ ለማየት ግን የዊልት ቻምበርሌይንን ታሪክ የሚያህል የለም። ቻምበርሌይን በቅጣት ውርወራ ደካማ ነበር። በ1961–62 ኳሷን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እየወረወረ ሞከረው፤ ከመቶ 61 አገባ፤ ይህም ለእሱ ትልቅ መሻሻል ነበር። በማርች 2 ቀን 1962 በኸርሺ ከተማ 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ጨዋታ ከ32 የቅጣት ውርወራ 28ቱን ያገባው በዚሁ አወራወር ነው። ከዚያ ተወው። አወራወሩ የሴት ይመስላል ብሎ እንዳፈረ ኋላ ራሱ ጽፏል። በ1967–68 ከመቶ 38 ብቻ አገባ። በዚያው ዘዴ የወረወረው ሪክ ባሪ ግን ሥራውን የጨረሰው ከመቶ 90 ገደማ እያገባ ነው። የሚሠራውን እያወቁ መተው በትልቁም በትንሹም አለ።

ልምምድና ጨዋታን ለማቀራረብ ከተነሡት አስተሳሰቦች ውስጥ ብዙ የተከተለው ሰው ያለው በእንግሊዙ ላፍበሮ የነበሩት ቡንከርና ቶርፕ በ1982 ያቀረቡት ነው። በአጭሩ ልጁ መጀመሪያ ጨዋታውን ይጫወት፣ ቴክኒኩን ጨዋታው ሲጠይቀው ይማር ነው የሚሉት። አሰልጣኙ ብዙ ከመናገር ይልቅ ሕግ ይቀይራል። ሦስት ለሦስት አጫውቶ ማንጠር ቢከለክል ኳስ የሌላቸው ሁለቱ ልጆች ሳይነገራቸው መሮጥ ይጀምራሉ፤ ቆመው ቢጠብቁ ኳሷ አትደርሳቸውምና። ከቀኝ በኩል የገባ ጎል አይቆጠርም ቢባል ግራ እጅ ሳይወድ በግዱ ይነቃል። ሦስት ለሦስት ዛሬ ራሱን የቻለ የኦሎምፒክ ውድድር ነው፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክ የገባው ይህ ጨዋታ በግማሽ ሜዳ፣ በአንድ ቀለበት፣ ለ10 ደቂቃ ወይም 21 ነጥብ እስኪሞላ ይካሄዳል። አንዱ ቀለበት በተሰበረበት የአስፋልት ሜዳ ለሚያሠለጥን ሰው ከዚህ የተሻለ የሚስማማ የለም።

በዚህ ወገን የቆሙት ግን አንዳንዴ ያበዙታል። ልጆችን ዝም ብሎ ማጫወት ማሠልጠን አይደለም፤ ጎበዙ ኳሷን ይዞ ይውላል፣ ዓይን አፋሩ ዳር ዳር ይላል። የተሻለው መሐል ላይ ያለ ልምምድ ነው፤ እንደ ሼል ድሪል ያለ።

ሼል ድሪል ለመከላከል ነው። አራት አጥቂዎች ቀለበቱን ከበው ይቆማሉ፤ ሁለቱ ከፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ። ለእያንዳንዱ አንድ ተከላካይ አለው። መጀመሪያ አጥቂዎቹ ኳስ መቀባበል ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው። ኳስ የያዘውን የሚጠብቀው ተጠግቶ ያስጨንቀዋል። ከኳሷ በአንድ ቅብብል የሚርቀውን የሚጠብቀው እጁንና እግሩን ኳሷ በምታልፍበት መንገድ ላይ ያስገባል። በሁለት ቅብብል የሚርቀውን የሚጠብቀው ደግሞ ሰውየውን ትቶ ወደ ቀለበቱ ፊት ይገባል፤ በአንድ እጁ ኳሷን፣ በሌላው የራሱን ሰው ያመለክታል፣ በዓይኑም ሁለቱን ያያል። ምሥጢሩ ያለው ኳሷ አየር ላይ ባለችበት ቅጽበት ነው። አራቱም ተከላካዮች መንቀሳቀስ ያለባቸው ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ነው፤ ተቀባዩ እጅ ከገባች በኋላ የተነሣ ዘግይቷል። አሰልጣኙ ድንገት “ቁም!” ይላል፤ ሁሉም ባለበት ይደርቃል፤ ማን ጀርባውን ለኳሷ እንደሰጠ ያኔ ራሳቸው ያዩታል። ቀጥሎ አጥቂዎቹ ሰብሮ መግባት ይፈቀድላቸዋል፤ አንዱ ሲያልፍ ማን ይረዳል፣ የረዳውን ቦታ ማን ይሸፍናል የሚለው ይመጣል። ይህ ልምምድ የሚበላሸው አጥቂዎቹ ለማግባት ሳያስቡ ለደንቡ ያህል ሲቀባበሉ ነው። እንደዚያ ከሆነ ጭፈራ ሆነ። ነጥብ ይቆጠር፣ የተሸነፈው ቡድን ኳሷን ያምጣ፤ ወዲያው ሕይወት ይዘራል።

ለልምምድ የሚሰጣችሁ ተቃዋሚ ከእናንተ ትንሽ የሚበልጥ ቢሆን ደግሞ ያዋጣል። የቴኔሲዋ ፓት ሰሚት የሴቶች ቡድኗን ከወንድ ተማሪዎች ጋር እያጋጠመች ታለማምድ ነበር፤ 8 ዋንጫና 1,098 ድል ይዛ ጡረታ ወጣች።

የጨዋታ ዕቅድ፣ አሰልጣኞች ፕሌይ የሚሉት፣ በየቦርዱ በቀስትና በክብ የሚሳለው ነገር፣ ብዙ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚሮጥበት ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። ጆን ስቶክተንና ካርል ማሎን በዩታ ጃዝ ለ18 የውድድር ዘመን አብረው ሲጫወቱ ከሁሉ በላይ የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ፒክ ኤንድ ሮል። ማሎን መጥቶ የስቶክተንን ተከላካይ መንገድ በአካሉ ይዘጋል፤ ስቶክተን በትከሻው ታክኮ ያልፋል፤ ማሎን ዞሮ ወደ ቀለበቱ ይገባል። ተቃራኒው ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም ተከላካዮቹ ስቶክተንን ከተከተሉ ማሎን ነጻ ነው፣ ማሎን ላይ ከቀሩ ስቶክተን ይወረውራል፣ ሦስተኛ ሰው ለእርዳታ ከመጣ ዳር ያለው ጓደኛቸው ባዶ ሆኗል። ስቶክተን ያቀበላቸው 15,806 ጎል የሆኑ ኳሶች እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ናቸው። የዕቅዱ ስም አንድ ነው፤ የተማሩት ግን ተከላካዩን ማንበብ ነው።

የፕሪንስተኑ ፒት ካሪልም ያስተማረው ይህንኑ ነው። በሩጫና በዝላይ ከትልልቆቹ የማይተካከሉ ልጆች ይዞ ተከላካዩ ኳስ ለመንጠቅ ወደ ፊት ሲጠጋ ከጀርባው ሾልከው እንዲገቡ አለማመዳቸው። በ1996 ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ41 ያሸነፉት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በዚያችው ሹልከት ነው። ፊል ጃክሰን በአሰልጣኝነት ለወሰዳቸው 11 ዋንጫዎች የተጠቀመበት የቴክስ ዊንተር ባለሦስት ማዕዘን አጨዋወትም ከዚህ አይርቅም። ሃያ ዕቅድ የሸመደደ፣ ቀኝ እጁን እንጂ ግራውን የማያዝዝ የ14 ዓመት ልጅ ግን ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃዋል። ለታዳጊ ሕፃናትማ ከዕቅዱ በፊት ቀለበቱ ይውረድ። በሚኒ ቅርጫት ኳስ ቀለበቱ 2 ሜትር ከ60 ነው፣ ኳሷም ቁጥር 5። የእኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ በትልቁ ኳስና በ3 ሜትር ከ5 ቀለበት ስለሚጀምሩ ከወገባቸው እየወነጨፉ ያድጋሉ፤ ያ አወራወር በኋላ በምንም ልምምድ አይለቅም።

ከሜዳ ውጭ ስላለው ልማድ አጭር ልበል። በ2011 በስታንፎርድ ሼሪ ማህ 11 ተጫዋቾችን ለሳምንታት በሌሊት 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረገች፤ የቅጣት ውርወራቸውም የሦስት ነጥቡም 9 ከመቶ ገደማ ተሻሻለ። ቡድኑ ትንሽ ነው፣ የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረውም፤ ቢሆንም እንቅልፍ ጎድቶት የሚያውቅ ተጫዋች የለም። ለእግር ኳስ የተዘጋጀው የፊፋ 11 ፕላስ ማሟሟቂያ በጣሊያን የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ተሞክሮ ጉዳት እንደሚቀንስ በ2012 ታትሟል፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ የሚበዛባቸው ሴቶች ልጆች ይበልጥ ይሻሉታል። ለስሕተት ቅጣት ማስሮጥን ግን እቃወማለሁ። ሩጫ ራሱ የጨዋታው ዋና ጉዳይ ሆኖ ሳለ ልጆች እንደ ቅጣት እንዲጠሉት ማድረግ ምን ይባላል?

ወደ ዲን ስሚዝ ተመለስሁ። የእሱ ተጫዋች ጎል ሲያገባ ኳሷን ያቀበለውን ጓደኛውን በጣቱ ማመልከት ግዴታው ነበር። የደከመው ተጫዋች ጭብጡን ከፍ አድርጎ ራሱ ቅያሪ ይጠይቃል፤ ሲያርፍ ራሱ ተመልሶ ይገባል። አንዱ ማመስገን፣ ሌላው እውነት መናገር ነው፤ ሁለቱም በልምምድ ላይ እንደ ውርወራ የሚደጋገሙ ናቸው። የእኛ ልጆች ደከመኝ ማለት ይፈራሉ፤ አሰልጣኝ ያወጣኝና ድጋሚ አያስገባኝም ብለው። ፍርሃቱ ደግሞ መሠረት የለውም አልልም።

ስለዚህ፣ ኮች፣ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ አንድ ነገር ይሞክሩ። እግሩን ታሞ ዳር የተቀመጠ ልጅ ካለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጡትና 15 ደቂቃ ሙሉ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ስንቴ እንደነካ፣ ተከላካይ ፊቱ ቆሞ ስንቴ እንደወሰነ ይቁጠርልዎ። ወረቀቱን አይተው ቁጥሩ ከአሥር ካነሰ ሰልፉን ይበትኑት።